በቦነስ አይረስ አንድ ቀን በቡድን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአርጀንቲናን ዋና ከተማ ቦነስ አይረስን ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በቡድን ነበር። መጀመሪያ በአስጎብኚ ሚኒባስ፣ ቀጥሎ ስምንት ሆነን በእግራችን። ፎቶዎቹን ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም፤ ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ ከቴል አቪቭም የሚጽፉልኝ አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቀን ይበቃል?

ከተማዋን ለማየት አይበቃም። አንድ ጎኗን በደንብ ለማየት ግን ይበቃል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ሚኒባሱ በስድስት ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ቦታ አዞረን። በየቦታው አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጡናል፣ ወርደን ፎቶ እንነሳለን፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሮጠን እንገባለን። ማታ ሆቴል ቁጭ ብለን ፎቶዎቹን ስናይ ግማሾቻችን የትኛው የት እንደሆነ አናውቅም ነበር። አንዱ የመቃብር ቦታውን ቤተ መንግሥት ነው ብሎ ሞገተ። ገንዘብ ከፍለን፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረን ሄደን፣ የያዝነው የመስኮት ትዝታ ብቻ ነበር። በጣም ነው የቆጨኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሰሜኑን ተዉት። ፕላዛ ዴ ማዮ ከሚባለው አደባባይ ተነሱ፣ በእግር ወደ ሳን ቴልሞ ውረዱ፣ ከዚያ በመኪና ላ ቦካ ግቡ። ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ከተማዋ የተወለደችው በዚህ በኩል ነው፤ ታሪኳም፣ ቁስሏም፣ ሙዚቃዋም እዚሁ ነው ያለው።

እንዴት ነው የሚሄደው? ቪዛስ?

ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ በኩል ይበራል፤ መስመሩ የተከፈተው በ2018 ነው። የሚያርፈው ኤሴይሳ በሚባለው አየር ማረፊያ ነው። ከመሀል ከተማ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ባረፋችሁበት ሰዓት ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፣ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል። ቡድናችሁ የተለያየ ፓስፖርት የያዘ ከሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሁሉንም አንድ በአንድ አጣሩ።

የሰዓት ልዩነቱ ስንት ነው?

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ፣ የእጅ ሰዓታችሁም በሀበሻ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ፣ ጭራሽ አትንኩት።

ቦነስ አይረስ ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ሁለቱ ስድስቶች ይጣፋሉ። አዲስ አበባ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ ጠዋት ነው፣ የሆቴሉ የግድግዳ ሰዓትም ስምንት ላይ ነው። እዚያ ሆኜ ለእናቴ ስደውል "አሁን እዚያ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። "አንቺ ጋ ስንት ነው?" አልኳት። "ስምንት።" "እዚህም ስምንት ነው እማዬ።" የማሾፍባት መስሏት ነበር። አንዷ ቀን ላይ፣ አንዱ ጠዋት ላይ፣ የሰዓቱ ዘንግ ግን አንድ ቦታ ቆሟል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ስትቃጠሩ ነው። ግማሹ ቡድን ከአሜሪካ ግማሹ ከአገር ቤት የመጣ ከሆነ "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ማለት ሁለት የተለያየ ሰዓት ማለት ነው። እኛ ጠዋቱን በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ጠብቀናል። የቀጠሮ ሰዓት በሙሉ በአገሬው አቆጣጠር ይሁን ብላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

የትኛው ቀን ይሻላል?

እሑድ ወይም ሐሙስ። እሑድ ዴፌንሳ የሚባለው መንገድ ለመኪና ይዘጋና ከፕላዛ ዴ ማዮ እስከ ሳን ቴልሞ ድረስ ገበያ ይሆናል፤ አሮጌ የሶዳ ጠርሙስ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ የብር ማንኪያ፣ የጥንት ሸክላ ዲስክ፣ ምን የሌለ ነገር አለ። ሐሙስ ደግሞ እናቶቹ የሚወጡበት ቀን ነው፤ እሱን ከታች እነግራችኋለሁ። ሰኞን ተዉት፣ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው።

ወቅቱ ከእኛ ይገለበጣል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሐምሌ ላይ ካፖርት ያስፈልጋል። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ኅዳር ላይ ሂዱ። ጃካራንዳው የሚያብበው ያኔ ነው። አዲስ አበባ መንገድ ዳር የምናውቀው ያ ሐምራዊ አበባ የመጣው ከዚያ ከደቡብ አሜሪካ ነው፣ አንዱ አገሩ ሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ነው። ምንጣፍ መስሎ በወደቀው አበባ ላይ ስንሄድ ሁላችንም ስለ ልጅነት ሰፈራችን ነበር የምናወራው።

ከየት እንጀምር?

ከፕላዛ ዴ ማዮ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር። አደባባዩ ላይ ሮዝ ቀለም የተቀባው የፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት አለ፣ ካሳ ሮሳዳ ይሉታል። የፕሬዚዳንት ሁዋን ፔሮን ሚስት ኤቫ ፔሮን ለሕዝብ የተናገረችው ከዚህ ሰገነት ላይ ነው። በሌላው ጎን ካቴድራሉ አለ። ከፊት ሲታይ ቤተ ክርስቲያን አይመስልም፣ አሥራ ሁለት ዓምድ የተደረደረበት የግሪክ ቤተ መቅደስ ነው የሚመስለው። ውስጡ የነፃነት ጦር መሪው ሳን ማርቲን ተቀብሮበታል፣ ወታደሮችም ይጠብቁታል። ጳጳስ ፍራንሲስኮስ ሮም ከመሄዳቸው በፊት ሊቀ ጳጳስ ሆነው ያገለገሉት እዚህ ነበር።

ከዚያ ግን ወደ አደባባዩ መሀል ሂዱና መሬቱን እዩ። በትንሿ ሐውልት ዙሪያ ነጭ ሻሽ ተስሏል። ከ1976 እስከ 1983 አገሪቱን የገዛው ወታደራዊ መንግሥት ወጣቶችን ከየቤታቸው እያፈሰ አጠፋ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30,000 ያደርሱታል። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ መልስ የለ። ሚያዝያ 30 ቀን 1977 አሥራ አራት እናቶች እዚህ አደባባይ መጥተው "ልጆቻችን የት ናቸው?" አሉ። ፖሊስ ቆሞ መሰብሰብ ክልክል ነው ሲላቸው ሐውልቱን መዞር ጀመሩ። እንዲተዋወቁ ራሳቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ጨርቅ መጀመሪያ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ነበር። እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ይዞራሉ።

ከመሪዎቻቸው አንዷ አሱሴና ቪሻፍሎር ራሷም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ታፍና ጠፋች። አፅሟ የተለየው በ2005 ነው፤ አመዷ እዚሁ ሐውልቱ ሥር ተቀብሯል። አፅሟን የለየው የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን የሚባለው ነው። አሁን የምጽፈውን ብዙ ሰው አያውቅም። ይሄው ቡድን በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር ሠርቷል፤ የቀይ ሽብር ሰለባዎች የተጣሉበትን የጅምላ መቃብር ቆፍሮ አፅም ለይቷል። እናቶቹ መዞር በጀመሩበት በዚያው ዓመት እኮ ነው እኛም አገር ልጆች በየመንገዱ ይወድቁ የነበሩት።

ከቡድናችን ታላቋ እትዬ ወንድማቸውን በቀይ ሽብር ያጡ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ምንም አላሉም። ትከሻቸው ላይ የነበረውን ነጠላ አጣፉና ጎንበስ ብለው የተሳለውን ሻሽ በጣታቸው ነኩት። ሌሎቻችን ራቅ ብለን ቆምን። ሚኒባሱ በዚህ አደባባይ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጥቶን ነበር፤ በሁለተኛው ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን።

ጥቁር ሰው እዚያ አለ? ሰው ያፈጣል?

አዎ፣ ያያችኋል። አብዛኛው በክፋት አይደለም፣ ከየት እንደመጣችሁ ለማወቅ ነው። ሴኔጋሎች መንገድ ላይ ሲነግዱ ስለሚያዩ ብዙዎች "ሴኔጋላዊ ነህ?" ይላሉ። ኢትዮጵያ ስትሏቸው ፈገግ ይላሉ፣ ስለ ሯጮቻችን የሚያነሳም አለ።

ግን "እዚህ ጥቁር ሰው ኖሮ አያውቅም" የሚላችሁ ካገኛችሁ አትመኑት። በ1778 በተደረገው ቆጠራ ከከተማዋ ነዋሪ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ጥቁር ወይም ከጥቁር የተወለደ ነበር። አፍሪካውያን በባርነት በመርከብ ተጭነው ከከተማዋ ጎን ባለው ወንዝ ነው የገቡት። አሁን በእግር የምትሄዱበት ሞንሴራትና ሳን ቴልሞ ሰፈራቸው ነበር፤ ከበሮው ስለማይቋረጥ የከበሮ ሰፈር እስከ መባል ደርሶ ነበር። ከ1813 ጀምሮ ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ነፃ እንዲሆን ተደነገገ፣ የ1853ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ባርነትን ሻረ። ከዚያ በኋላ በጦርነት ያለቀው አለቀ፣ በ1871 ቢጫ ወባ ከተማዋን መታት፣ ከጣሊያንና ከስፔን ሰው እንደ ጎርፍ ገባ፣ የቀረው ተዋለደ። ታንጎ የሚባለው ሙዚቃ ውስጥ የዚያ ከበሮ ልጆች እጅ አለበት።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። በ2024 የወጣውን የ10,000 ፔሶ ኖት አውጡና እዩት። ከጄኔራል ማኑኤል ቤልግራኖ ጎን ያለችው ሴት ማሪያ ሬሜዲዮስ ዴል ባዬ ትባላለች። ጥቁር ናት። በነፃነቱ ጦርነት ከቤልግራኖ ሠራዊት ጋር ዘመተች፣ ቆሰለች፣ ተማረከች፣ ስፔኖች በአደባባይ ገረፏት። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ረሷት፤ እዚሁ ቦነስ አይረስ አደባባይ ላይ ስትለምን ከድሮ አዛዦቿ አንዱ አይቶ እስኪያውቃት ድረስ። ዛሬ የአገር እናት ይሏታል። ያረፈችበት ኅዳር 8 የአፍሮ አርጀንቲናውያን ቀን ሆኖ ይከበራል። እኔ ኖቱን ሳልመነዝር አገር ቤት ይዤው ገብቻለሁ።

ሳን ቴልሞ ምን እናድርግ?

ቀስ በሉ። ከአደባባዩ እስከ ፕላዛ ዶሬጎ አሥር ብሎክ ያህል ነው፣ ዴፌንሳን ይዛችሁ ቁልቁል መሄድ ብቻ ነው። ሰፈሩ የሀብታም ሰፈር ነበር፤ ያ ቢጫ ወባ ሲመጣ ባለጠጎቹ ወደ ሰሜን ሸሹ፣ ትልልቅ ቤቶቹን በየክፍሉ ለስደተኛ አከራዩአቸው። ለዚህ ነው በሮቹ ቤተ መንግሥት መስለው ግድግዳው የተላላጠው። በ1897 የተሠራው የሳን ቴልሞ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ግቡ፣ ጣሪያው ብረትና መስታወት ነው። ሽንት ቤትም አለ፣ ቡድን ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ታንጎ ማየት ከፈለጋችሁ እራት ተጨምሮበት ውድ ዋጋ የሚያስከፍለውን ትርዒት የግድ አትያዙ። እሑድ ሲመሽ ፕላዛ ዶሬጎ ላይ የሰፈር ሰው ይጨፍራል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ባልና ሚስት በላስቲክ ጫማ ሲጨፍሩ አይቼ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። በእኛ እስክስታ ትከሻው ነው የሚናገረው፣ በእነሱ እግሩ፤ ትከሻው ዝም ይላል። ጭፈራ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሰው እጅ ይዞ አይጎትትም። በዓይን ነው የሚጠየቀው። ወንዱ ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ሴቷ ከፈለገች ትመልሳለች፣ ካልፈለገች ፊቷን ታዞራለች፤ ማንም አያፍርም።

ላ ቦካ አደገኛ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ቱሪስት የሚሄድበት ካሚኒቶና ዙሪያው ያሉ ጥቂት መንገዶች ቀን ቀን ሰላም ናቸው። ከዚያ አልፎ መንከራተት አያስፈልግም። ከሳን ቴልሞ በእግር አትሂዱ፣ ቅርብ ይመስላል ግን ታክሲ ያዙ ወይም 29 ቁጥር አውቶቡስ። ጀንበር ሳትጠልቅ ውጡ።

ካሚኒቶ አጭር ናት። ቤቶቹ በቆርቆሮ የተለበጡ ናቸው። እኛ ቆርቆሮን የምናውቀው ጣሪያ ላይ ነው፣ እነሱ ግድግዳ አድርገውታል። ከጣሊያን ጄኖዋ የመጡ የወደብ ሠራተኞች ከመርከብ የተረፈ ቀለም እያመጡ ይቀቡት ነበር፤ አንዱ ቀለም ሲያልቅ ሌላ ይቀጥላሉ፣ ለዚህ ነው አንዱ ቤት ቢጫም ሰማያዊም ቀይም የሆነው። በኋላ የሰፈሩ ልጅ የሆነው ሠዓሊ ቤኒቶ ኪንኬላ ማርቲን መንገዷን አስውቦ በ1959 የአደባባይ ሙዚየም እንድትሆን አደረገ። ታንጎ ጨፋሪ ልብስ የለበሱ ሰዎች "ኑ ፎቶ" ይሏችኋል፣ በነፃ አይደለም። ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሥራቸው ነውና ከተነሳችሁ ክፈሉ።

ሌብነቱን በተመለከተ፦ ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ዳር መቆም አይሆንም፣ ሞተር ሳይክል ላይ ሆነው ይነጥቃሉ። ሌላው የታወቀ ዘዴ ልብሳችሁ ላይ ሰናፍጭ የመሰለ ነገር ይረጫሉ፣ ከዚያ ደግ ሰው መስሎ የሚመጣው "ላጽዳልህ" እያለ ኪስ ያወልቃል። የሆነ ነገር ከተረጨባችሁ አመሰግናለሁ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ሂዱ፣ ሱቅ ገብታችሁ አጽዱት።

ስታዲየሙን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። የቦካ ጁኒየርስ ሜዳ ላ ቦምቦኔራ ከካሚኒቶ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሙዚየምም አለው። ጨዋታ ማየት ግን ከባድ ነው፣ ትኬቱ ለክለቡ አባላት ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ ትኬት አለኝ የሚላችሁን አትግዙ። ስታዲየሙ የተከፈተው በ1940 ነው። ቦታው ጠባብ ስለነበረ መቀመጫውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ነው የሠሩት፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ደጋፊ ሲዘል ሲሚንቶው ይርገበገባል፤ እነሱ ግን "አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ልብ ይመታል" ይላሉ። ማራዶና የተጫወተበት ሜዳ ነው፤ አባቴ ስለ 1986ቱ ዓለም ዋንጫ ሲያወራ ላደግኩት ለእኔ ያ ባዶ ሜዳ ራሱ በቂ ነበር።

ጾመኛ ምን ይበላል? የአሳማ ሥጋስ?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አገሩ የሥጋ አገር ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ። "ካርኔ" ማለት እነሱ ዘንድ የበሬ ሥጋ ነው። "ሲን ካርኔ"፣ ያለ ሥጋ፣ ብትሉ ዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ ጣል ያደረጉበትን ያመጡላችኋል። የአሳማ ሥጋ በጥቅሉ "ሴርዶ" ነው፤ በስሱ ተቆርጦ የሚቀርበው ደግሞ "ሃሞን" ይባላል፣ ሳንድዊች ውስጥም ሳምቡሳ በሚመስለው ኢምፓናዳ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ "ሲን ሃሞን" የሚለውን በቃላችሁ ያዙት፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም ይፈልገዋል። ቾሪሶ የሚባለው ቋሊማም በአብዛኛው አሳማ አለበት። "ቢፌ ዴ ቾሪሶ" ግን ስሙ ያሳስታል እንጂ ንጹሕ የበሬ ሥጋ ነው፣ በጣም ጥሩም ነው። ለቁርስ የሚቀርበው ሜዲያሉና የሚባለው ዳቦ ሁለት ዓይነት ነው፤ "ዴ ማንቴካ" በቅቤ፣ "ዴ ግራሳ" በሞራ የሚሠራ።

ለጾመኛ ያገኘሁት ምርጥ ነገር ፋይና ነው። ፒዛ ቤት ሁሉ አለ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውኃ፣ ዘይትና ጨው ተደርጎ በምድጃ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። እነሱ ፒዛ ላይ ደርበው ይበሉታል፣ እናንተ ብቻውን እዘዙ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። ከእኛ መሀል ሁለቱ ጾም ላይ ስለነበሩ ቀኑን በፋይና፣ በሰላጣና በፍራፍሬ ነው የዋሉት። አይብ እንዳልገባበት "ሲን ኬሶ?" ብላችሁ አረጋግጡ።

እራት ላይ ደግሞ ታገሡ። ሰዉ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት እራት አያስብም፣ ምግብ ቤቱም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡናና አንድ ነገር ቅመሱ፣ አለበለዚያ ቡድኑ ይነጫነጫል።

ማቴ ሲሰጡን ምን እናድርግ?

ተቀበሉ። ማቴ የቅጠል መጠጥ ነው፣ በቅል ውስጥ ይደረግና በብረት መምጠጫ ይጠጣል። ቅሉም አንድ፣ መምጠጫውም አንድ ነው። አንድ ሰው ይቀዳል፣ በተራ ለሁሉም ያዞራል። ቡናችንን በጣም ነው ያስታወሰኝ፤ ቀጂዋ አንድ ናት፣ ተራው ይጠበቃል፣ ወሬው ነው ዋናው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቅሉን ስትመልሱ "ግራሲያስ" ካላችሁ "በቃኝ" ማለት ነው። እኔ ሳላውቅ በመጀመሪያው ዙር አመሰገንኩና ከዚያ በኋላ ዘለሉኝ። አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናና በረካውን ከፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ መልሱ። መምጠጫውንም አታማስሉት። በሽታ የሚፈራ ሰው ከመጀመሪያው በትሕትና "አይ" ቢል ማንም አይቀየምም።

ገንዘብ እንዴት ነው የምንይዘው?

ያልተጣጠፈና ያልተጻፈበት የመቶ ዶላር ኖት ይሻላል፣ ለትናንሽ ኖቶች ዝቅ ያለ ምንዛሬ ነው የሚሰጡት። ፍሎሪዳ በሚባለው መንገድ "ካምቢዮ፣ ካምቢዮ" እያሉ የሚጣሩ አሉ፣ እንደ ዛፍ ቆመው ስለሚውሉ "ትንንሽ ዛፎች" ይሏቸዋል። እነሱን ተዉአቸው። ሚያዝያ 2025 ላይ መንግሥት የውጭ ምንዛሬ ቁጥጥሩን ካላላ ወዲህ የጥቁር ገበያው ልዩነት ጠቧል፣ ለትንሽ ትርፍ ሐሰተኛ ኖት መቀበል አይገባም። ካርድም በብዙ ቦታ ይሠራል። ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር አምና የተጻፈ ዋጋ አትመኑ። ለቡድን ደግሞ አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ ሁሉም ጠዋት እኩል ያዋጣ፣ ታክሲና ምሳ ከዚያ ይከፈል። ለአውቶቡስና ለምድር ውስጥ ባቡር ሱቤ የሚባል ካርድ አለ፣ አንዱን ካርድ ለብዙ ሰው እየደጋገሙ መምታት ይቻላል።

ቡድኑ እንዳይበታተን ምን እናድርግ?

ስምንት ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ታክሲ አራት ሰው ነው የሚጭነው፣ ሁለት ታክሲ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሁለት ቡድን ሁኑ። በየታክሲው መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። በገበያው ላይ እኛ አንድ ጋሼ ጠፍተውብን ነበር፤ ስልካቸው ኢንተርኔት የለውም፣ ሕዝቡ ደግሞ እንደ መርካቶ ነው። አርባ ደቂቃ ፈለግናቸው። ያገኘናቸው የሸክላ ዲስክ ሻጭ ጋ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠው ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፦ በየሰፈሩ ስንደርስ መገናኛ ቦታ በጣት እንጠቁማለን፣ የጠፋ ሰው እዚያ ሄዶ ይቆማል፣ አይንቀሳቀስም። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በወረቀት ጽፎ ለእያንዳንዱ መስጠትም ያስፈልጋል።

ለትልልቅ ሰዎች የእግረኛ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፤ ንጣፉ ተነቃቅሏል፣ የሳን ቴልሞ ድንጋይ መንገድ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይልበሱ። በየሰዓቱ ቁጭ በሉ። የሚዘገየው ሰው ከፊት ይሂድ፣ ፈጣኑ ከኋላ፤ ይሄን ካደረግን በኋላ ማንም አልተነጫነጨም።

አስጎብኚ መቅጠር ያስፈልጋል?

ጥሩ ሰው ካገኛችሁ አዎ። መጨረሻ ላይ የፈለጉትን ከፍለው የሚለያዩበት የእግር ጉብኝት አለ፣ ብዙው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። "ነፃ" ይባላል እንጂ የሰዎቹ እንጀራ ነው፣ በደንብ ስጡ። ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "በየቦታው ስንት ደቂቃ እንቆያለን?" መልሱ ሩብ ሰዓት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ስፓኒሽ አንችልም፣ እንቸገራለን?

አትቸገሩም። ሰላምታው አንድ ጉንጭ ላይ መሳም ነው፣ ወንድ ከወንድም ጭምር፤ እኛ ሦስት ስለለመድን አየር ላይ እንቀራለን፣ እነሱም ይስቃሉ። ሌላ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገር "እኔ" ለማለት "ዮ" የሚባለው እዚህ "ሾ" ነው፣ "መንገድ" ለማለት "ካዬ" የሚባለውም "ካሼ" ነው። ይሄን ካወቃችሁ አድራሻ ሲነግሯችሁ አትደናገሩም።

ሁለተኛ ቀን ብናገኝስ?

ያኔ ወደ ሰሜን ውጡ። ጠዋት የሬኮሌታ መካነ መቃብር፣ በ1822 የተከፈተ ነው፣ የውጭ ዜጋ መግቢያ ይከፍላል። መቃብሮቹ ቤት ናቸው፣ በርና መስኮት ያላቸው። ኤቫ ፔሮን በ33 ዓመቷ በ1952 አረፈች፣ ጠላቶቿ አስከሬኗን ሰርቀው ጣሊያን ደብቀው ቀበሩት፣ በስፔን በኩል ዞሮ እዚህ የገባው በ1976 ነው። የዱዋርቴ ቤተሰብ የሚል ጥቁር እብነ በረድ ፈልጉ፣ በሩ ላይ ሁልጊዜ አበባ አለ። ከዚያ በ1919 ቲያትር ቤት ሆኖ የተከፈተውን ኤል አቴኔዮ የመጻሕፍት መደብር እዩ፣ መድረኩ ላይ ቡና ይጠጣል።

ከሰዓት በኋላ ግን ሱቅ አትግቡ። ታክሲ ይዛችሁ ወንዙ ዳር ወዳለው የመታሰቢያ ፓርክ ሂዱ። ረጃጅም የድንጋይ ግንቦች አሉ፣ የጠፉት ሰዎች ስም በየዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፤ ከስሙ ጎን ዕድሜ አለ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት። ነፍሰ ጡር የነበሩት ነፍሰ ጡር ተብሎ ተጽፎላቸዋል። ብዙ ድንጋይ ደግሞ ባዶ ነው፣ ስማቸው ገና ላልታወቀ የተተወ። ከግንቡ ቀጥሎ ያለው ውኃ ቡናማ ነው፣ ማዶው አይታይም። ወታደራዊው መንግሥት ከአውሮፕላን ከጣላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ነው የቀሩት። እትዬ ከእኛ ጋር እዚህም መጥተው ነበር። የ1977ን ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የማያውቁትን ቋንቋ፣ ስም በስም እያነበቡ ሄዱ፤ እኛም ሳንቸኩል ከኋላቸው ተከተልናቸው።